በውሃ የሟሟውን መለየት፦ ቀላል የአዮን ሙከራዎች የት ያደርሱናል?

ከሆሳዕና በስተምዕራብ፣ ከሆመቾ አካባቢ ምንጭ የተቀዳ ውሃና ከሆሳዕና በስተደቡብ ምሥራቅ ወደ ሀላባ ቁሊቶ ሲወረድ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ በሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ዓይን አይለያቸውም። ሁለቱም ጥርት ያሉ ናቸው። በውስጣቸው የሟሟው ነገር ግን ሊራራቅ ይችላል። የደጋው ውሃ ብዙ ጊዜ የሟሟ ጨው የሚያንሰው፣ በሳሙና ቶሎ አረፋ የሚሰጥ ነው። የስምጥ ሸለቆው ውሃ ደግሞ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ሊበዛበት ይችላል፤ ከእነርሱም ጋር ዓመታት አልፈው በልጆች ጥርስ ላይ የሚነበብ ፍሎራይድ ሊኖር ይችላል። ሀዲያና ከምባታ በእነዚህ በሁለቱ ዓለማት መካከል የተቀመጡ አገሮች ናቸው። የምዕራቡ ተዳፋት ውሃ ወደ ግቤና ኦሞ ይወርዳል፤ የምሥራቁ ወደ ቢላቴ፣ ከዚያም ወደ አባያ ሐይቅ።

በውሃ ውስጥ የሟሟ አዮን በምን ይታወቃል? ጥያቄው የኬሚስትሪ ክፍል የቆየ ጥያቄ ነው። በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ “ነጭ ዝቃጭ” እና “ጡብ መሰል ቀይ ነበልባል” የሚሉ መልሶችን ለፈተና ያጠናል። ይህ ዳሰሳ እነዚያን ሙከራዎች አንድ በአንድ ይመለከታል፦ በምን ይሠራሉ? ለሆመቾ፣ ለሆሳዕናና ለዱራሜ ነዋሪ የሚጠቅም ምን ይነግራሉ? የትስ ላይ ያቆማሉ? የጸሐፊው አቋም ግልጽ ነው። ቀላል ሙከራዎች ትልቅ ዋጋ አላቸው፤ ይህን ዋጋ የሚያገኙት ግን እያንዳንዱ ሙከራ ከወሰኑ ጋር አብሮ ሲማር ብቻ ነው። ወሰኑን ያልተማረ ተማሪ “ምንም አልታየም” ሲል “ምንም የለም” ያለ ይመስለዋል። በውሃ ጉዳይ ላይ ይህ ስሕተት ጤና ያሳጣል።

የሙከራው መሠረት

ጨው በውሃ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ ሙል ወደ ያዙ ቅንጣቶች፣ ማለትም ወደ አዮኖች ይለያያል። አዎንታዊ ሙል ያላቸው ካታዮን፣ አሉታዊዎቹ አናዮን ይባላሉ። በሙሙቱ ውስጥ እያንዳንዱ አዮን የራሱን ጠባይ ይይዛል፤ ክሎራይድ ከሶዲየም ጋር ቢመጣም ከፖታሲየም ጋር ቢመጣም የሚሰጠው ምላሽ አንድ ነው። ሙከራዎቹ ሁሉ የሚያርፉት በዚህ ላይ ነው።

ምልክቱ ከአምስት መንገዶች በአንዱ ይመጣል፦ የማይሟሟ ዝቃጭ መፈጠር፣ የቀለም መለወጥ፣ የጋዝ መውጣት፣ ሽታ፣ የነበልባል ቀለም። ዝቃጭ የሚፈጠረው ለየብቻቸው በደስታ የሟሙ ሁለት አዮኖች ሲገናኙ አብሮ መሟሟት የማይችል ውሁድ ሲሠሩ ነው። ሲልቨር ናይትሬት በውሃ ይሟሟል፤ የገበታ ጨውም ይሟሟል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሲልቨር ክሎራይድ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ ይወርዳል።

ይህ አሠራር በሥርዓት የተደራጀው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመን ነው። ካርል ሬሚጊየስ ፍሬዜኒየስ በ1841 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው የጥራት ትንተና መጽሐፍ አዮኖችን በቡድን በቡድን እየለዩ መፈለግን ለትውልድ አስተማረ። ከዚያ በኋላ ሮበርት ቡንሰንና ጉስታፍ ኪርኾፍ የነበልባልን ብርሃን በመስታወት በትነው ማንበብ ጀመሩ። በ1860 እና በ1861 ሲዚየምንና ሩቢዲየምን ያገኙት በዚህ መንገድ ነው። ሲዚየም የተገኘው በዱርክሃይም ከተማ ከሚገኝ የማዕድን ምንጭ ውሃ ሲሆን፣ ለመለየት የሚበቃ መጠን ለማግኘት ቡንሰን ከ40 ቶን በላይ ውሃ አትንኗል። ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፦ ጥቂት የሆነ አዮን ሊኖርና በተለመደው ዘዴ ላይታይ ይችላል፤ የሚታየው ሙሙቱ ሲከማች ወይም ዘዴው ሲሳል ነው።

አናዮኖች፦ ቅደም ተከተሉ ግማሽ ሥራ ነው

ካርቦኔት በቅድሚያ ይፈተሻል። አሲድ ሲጨመርበት ይፍለቀለቃል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠራ የኖራ ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል። ጋዙ ሲበዛ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔቱ ወደሚሟሟ ባይካርቦኔት ስለሚለወጥ ውሃው ተመልሶ ይጠራል። ለዚህ ሙከራ ሆመቾ ላይ የሚጠፋ ነገር የለም። ኖራ ገበያ ላይ አለ፣ ኮምጣጤም አለ። ከምድጃ አመድ በውሃ ተዘፍዝፎ የተጠለለው ሙሙት ፖታሲየም ካርቦኔት ስላለው ኮምጣጤ ሲነካው ይፈላል። ተማሪ በቤቱ ያለ ነገር ውስጥ አዮን መኖሩን የሚያየው እዚህ ላይ ነው።

ለሰልፌት ውሃው በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከተዘጋጀ በኋላ ባሪየም ክሎራይድ ይጨመራል። የሚወርደው ነጭ ዝቃጭ ባሪየም ሰልፌት ነው። አሲዱ በቅድሚያ የሚገባው ካርቦኔትን ለማስወገድ ነው፤ ባሪየም ካርቦኔትም ነጭ ነውና ካልተወገደ ያታልላል። አሲዱ ሰልፈሪክ ከሆነ ሙከራው ከንቱ ነው፤ ሰልፌቱን ራሳችን አስገባነው ማለት ነው። በተመሳሳይ መንገድ ለክሎራይድ ውሃው በናይትሪክ አሲድ ይዘጋጃል እንጂ በሃይድሮክሎሪክ አይዘጋጅም። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ የትኛው አሲድ ለምን እንደሚገባ ከተረዱ ግን የኬሚስትሪው ግማሽ ገብቷቸዋል።

ሲልቨር ናይትሬት ለክሎራይድ ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ዝቃጩ በቀጭን አሞኒያ ይሟሟል። ለብሮማይድ ክሬም መልክ ያለው፣ በጠንካራ አሞኒያ ብቻ የሚሟሟ ዝቃጭ ይሰጣል። ለአዮዳይድ ደግሞ ቢጫ፣ በአሞኒያ የማይሟሟ ዝቃጭ ነው። ይህ ሙከራ እጅግ ስሱ ነው፤ የጣት ላብ እንኳ ያደፈርሰዋል። ስለዚህ ጎኑ ላይ በተጣራ ውሃ የተሠራ የማነጻጸሪያ ጠብታ ከሌለ “ክሎራይድ አለ” ማለት ትርጉም የለውም። በምንጭ ውሃ ውስጥ ጥቂት ክሎራይድ መኖሩ የተለመደ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ ክሎራይድ የሚጠቅሰው 250 ሚሊግራም በሊትር የጣዕም ድንበር ነው፤ ሙከራው የሚደፈርሰው ግን ከዚያ እጅግ አስቀድሞ ነው።

ከሃሎጅኖቹ አራተኛው፣ ፍሎራይድ፣ በዚህ ሙከራ አይታይም። ሲልቨር ፍሎራይድ በውሃ ይሟሟልና ምንም ዝቃጭ አይወርድም። የመማሪያ መጻሕፍት ሦስቱን ሃሎጅኖች በሠንጠረዥ ደርድረው ፍሎራይድን በዝምታ ሲያልፉት ለአውሮፓ ተማሪ ብዙም አይጎድለው ይሆናል። ለኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ልጅ ግን የተዘለለው አዮን ከሁሉም በላይ ማወቅ የሚገባው አዮን ነው።

የናይትሬት ጨዎች ሁሉ ስለሚሟሙ ዝቃጭ አይሰጡም። የቡናማ ቀለበት ሙከራ ፌረስ ሰልፌትና ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈልጋል፤ በልጆች እጅ የሚገባ አይደለም። ሌላው መንገድ ውሃውን ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ከአሉሚኒየም ጋር ማሞቅ ነው፤ ናይትሬቱ ወደ አሞኒያ ይለወጥና እርጥብ ቀይ ሊትመስን ሰማያዊ ያደርገዋል። የአሞኒየም አዮን አስቀድሞ ካለ ግን አሉሚኒየም ሳይገባ ያው አሞኒያ ይወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያለ አሉሚኒየም ይሞከራል።

ካታዮኖች፦ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አሞኒያና ነበልባል

ለካታዮኖች ከሁሉም በላይ የሚያገለግለው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ ሳሙና ሠሪዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት። መዳብ ሰማያዊ ዝቃጭ ይሰጣል፤ ብረት ሁለት አረንጓዴ፣ አየር ሲነካው ከላይ ቡናማ የሚሆነው፤ ብረት ሦስት ዝገት የመሰለ ቡናማ። ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ አሉሚኒየምና ዚንክ ሁሉም ነጭ ናቸው። ተጨማሪ ሃይድሮክሳይድ ሲገባ የአሉሚኒየሙና የዚንኩ ዝቃጭ ተመልሶ ይሟሟል፤ የካልሲየሙና የማግኒዚየሙ ይቀራል። አሉሚኒየምንና ዚንክን የሚለየው አሞኒያ ነው፦ የዚንኩ ዝቃጭ በበዛ አሞኒያ ይሟሟል፣ የአሉሚኒየሙ አይሟሟም። መዳብ በበዛ አሞኒያ ውስጥ ወደሚያምር ጥልቅ ሰማያዊ ይለወጣል።

የነበልባል ሙከራ ሶዲየምን ቢጫ፣ ፖታሲየምን ሐምራዊ፣ ካልሲየምን ጡብ መሰል ቀይ፣ ባሪየምን ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ መዳብን ሰማያዊ አረንጓዴ አድርጎ ያሳያል። ዓይን የሚማርክ ሙከራ ነው፤ ሆኖም ከሁሉም በላይ የሚያታልለው እርሱ ነው። ትንሽ ሶዲየም ሁሉንም በቢጫው ይሸፍናል። ሶዲየም በሌለበት አመድ ቢገኝ እንኳ ጣት የነካው ሽቦ ቢጫ ይነዳል። ፖታሲየምን ለማየት በኮባልት ሰማያዊ መስታወት መመልከት ያስፈልጋል። አልኮል በነበልባል ላይ እየጨመሩ ቀለም ማሳየት ደግሞ በብዙ አገሮች ተማሪዎችን ያቃጠለ ልማድ ስለሆነ ፈጽሞ መቅረት አለበት።

በቤት የሚገኝ ጥሩ የብረት ሙከራ አለ። ከጉድጓድ በተቀዳ ውሃ የተፈላ ሻይ እንደ ቀለም ከጠቆረ የሻዩ ታኒን ከብረት ጋር ተያይዟል ማለት ነው። ነጭ ልብስ የሚያዝግና ጄሪካን ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ የሚተው ውሃም ይህንኑ ይናገራል። በላብራቶሪ ፖታሲየም ታዮሳያኔት ብረት ሦስትን ደም መሰል ቀይ ያደርገዋል። ወሰኑ እዚህም ይታያል። ብረት ከ0.3 ሚሊግራም በሊትር ሲበልጥ ልብስ ማዛግና ጣዕም ማበላሸት ይጀምራል፤ በዚህ መጠን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሚወርደው ዝቃጭ ለዓይን አይበቃም፣ ታዮሳያኔት ግን ያሳያል። አንዱ ሙከራ “የለም” ሲል ሌላው “አለ” የሚለው ለዚህ ነው።

የውሃ ጠጣርነትም ከባድ መሣሪያ አይጠይቅም። እኩል ውሃ በሁለት ጠርሙስ ይዞ እኩል ጠብታ የሳሙና ሙሙት እየጨመሩ መናጥ ነው። አረፋው ቶሎ የቆመለት ውሃ ካልሲየምና ማግኒዚየም የሚያንሰው ነው፤ አረፋ ከመስጠት ይልቅ ነጭ እድፍ የሚሠራው የሚበዛበት።

ፍሎራይድ፦ ሙከራችን የሚታወርበት ቦታ

የስምጥ ሸለቆ ውሃ ፍሎራይድ የሚያገኘው ከእሳተ ገሞራ አለት ነው። ውሃው በፑሚስና በእሳተ ገሞራ መስታወት ውስጥ እያለፈ ሶዲየምና ባይካርቦኔት ይሞላል፣ ካልሲየሙም ይወርዳል። ካልሲየም በበቂ ቢኖር ፍሎራይዱን ካልሲየም ፍሎራይድ አድርጎ ያወርደው ነበር። ካልሲየሙ ስለሌለ ፍሎራይዱ በሙሙቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ በሸለቆው ውስጥ በሳሙና ቶሎ አረፋ የሚሰጥ “ለስላሳ” ውሃ ደስ ቢያሰኝም ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይገባል። የሳሙና ሙከራ ፍሎራይድን አይለካም፤ ውሃው መመርመር እንዳለበት ግን ያመለክታል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የፍሎራይድ ወሰን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ከዚያ ሲበልጥ በልጅነት የሚያድገው ጥርስ ይበልዛል። በብዙ ዓመት ብዛት ደግሞ አጥንት ይደድራል፣ ጀርባና መገጣጠሚያ ይታሰራል። የዚህ ታሪክ ትልቁ የኢትዮጵያ ምዕራፍ ወንጂ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 በኔዘርላንዱ ኤች ቪ ኤ ሥራ ከጀመረ በኋላ ለዓመታት የጉድጓድ ውሃ በጠጡ ሠራተኞች መካከል አካል የሚያሽመደምድ ፍሎሮሲስ ታየ። የነርቭ ሐኪሙ ዶክተር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1987 ስለ ኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ፍሎሮሲስ ጽፈው ችግሩ ከአንድ ፋብሪካ የሰፋ መሆኑን አሳዩ። በ2006 ደግሞ በመላ አገሪቱ የፍሎራይድን ስርጭት የሚያሳይ ጥናት አሳተሙ። በአብያታና በሻላ ሐይቆች የፍሎራይድ መጠን በሊትር ከመቶ ሚሊግራም በላይ ነው።

ለፍሎራይድ የቆየ ሙከራ አለ። ዚርኮኒየምና አሊዛሪን ሬድ ኤስ የተባለ ቀለም ሲደባለቁ ቀይ ሙሙት ይሠራሉ። ፍሎራይድ ሲገባ ዚርኮኒየሙን ከቀለሙ ይነጥቀዋል፤ ቀዩም ወደ ቢጫ ይሄዳል። የታወቀ መጠን ካላቸው ሙሙቶች ጋር ጎን ለጎን ሲታይ ግምታዊ መጠን ይሰጣል። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው ግን በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ወይም በቀለም መለኪያ መሣሪያ ነው። አሮጌ መጻሕፍት ጠንካራ ሰልፈሪክ አሲድ ጨምሮ መስታወት በማስበላት ፍሎራይድን መፈተሽ ያስተምራሉ። ከዚያ የሚወጣው ሃይድሮጅን ፍሎራይድ ቆዳ ዘልቆ አጥንት የሚደርስ መርዝ ነው፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ የለውም።

ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ተንኖ ሲያንስ የቀረውን ያከማቻል። የሚሠሩ መንገዶች ሌሎች ናቸው። የከሰለ አጥንት ማጣሪያ አለ፤ ኦሮሚያ ራስ አገዝ ድርጅት በስምጥ ሸለቆ ሠርቶበታል። በህንድ የናልጎንዳ ዘዴ የሚባለው ደግሞ አልሙንና ኖራን በመጠቀም ይሠራል፤ የሚወርደው የአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ጉም ፍሎራይዱን ይዞ ይወርዳል። ይህ ጉም ተማሪ በቱቦው ውስጥ ያየው ያው ነጭ ዝቃጭ ነው።

አዮዲን፦ ሙከራው በቤት የደረሰበት ቦታ

ፍሎራይድ ቀላል ሙከራ የሚያጥረው ከሆነ አዮዲን ተቃራኒው ነው። ዝናብ አፈሩን ለዘመናት ባጠበበት ደጋ አዮዲን ከአፈርና ከምግብ ያንሳል፤ እንቅርት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ አውጥታ የምግብ ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አስገደደች። የሚጨመረው ፖታሲየም አዮዴት ነው። በዚያው ዓመት በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤተሰቦች 15 በመቶ ያህል ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት 89 በመቶ ሆኑ። ይህን ያህል ለውጥ በአምስት ዓመት መምጣቱ ክብር የሚገባው ነው።

ቁጥሮቹን ያስገኘው ሙከራ በእጅ መዳፍ የሚያዝ ጠርሙስ ነው። በአንድ ቁንጥር ጨው ላይ ጠብታው ሲወርድ በጠብታው ያለው አሲድና አዮዳይድ ከጨዉ አዮዴት ጋር ተዋህደው አዮዲን ያወጣሉ፤ አዮዲኑ በጠብታው ካለው ስታርች ጋር ተያይዞ ሰማያዊ ይሆናል። አልካሊ የበዛበት ጨው አሲዱን ስለሚያረክሰው ቀለም ላይወጣ ይችላል፤ ለዚህም የመመርመሪያው ኪት ተጨማሪ የአሲድ ጠብታ ይዞ ይመጣል። “የለም” ከማለት በፊት በዚያ ደግሞ ማየት ግዴታ ነው።

ዋናው ወሰን ግን ሌላ ነው። በቤት ደረጃ ጨዉ ሊይዝ የሚገባው ቢያንስ 15 ሚሊግራም አዮዲን በኪሎ ነው። የጠብታው ሰማያዊ ቀለም አዮዲን መኖሩን ይናገራል፤ ይበቃል አይበቃም የሚለውን ግን በአስተማማኝ አይናገርም። ያን የሚናገረው በላብራቶሪ የሚደረገው ቲትሬሽን ነው። ስለዚህ የ89 በመቶው ዜና “ሁሉም በቂ ያገኛል” ተብሎ ሊነበብ አይገባም። በቤት በኩል የሚደረገው ቀላል ነው፦ ጨውን ክዳን ባለው ዕቃ ከፀሐይና ከእርጥበት ማራቅ፣ አለማጠብ፣ ወጥ ሊወርድ ሲል መጨመር።

አፈርና እርሻ

በደቡብና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች የአፈር አሲዳማነት እየሰፋ መጥቷል፤ የሆሳዕና አካባቢም ከተጎዱት ውስጥ ነው። የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ከሸክላው የአሉሚኒየም አዮን ይሟሟና የሰብል ሥር ያሳጥራል። ኖራ ሲበተን ፒኤች ይወጣል፤ አሉሚኒየሙም ሃይድሮክሳይድ ሆኖ ይወርዳል። የሆመቾ ተማሪ በቱቦው ያየው ነጭ የአሉሚኒየም ዝቃጭ በአባቱ ማሳ ላይ የሚሆነው ነገር ነው። መምህር ይህን አንድ ግንኙነት ካሳየ ኬሚስትሪ ከፈተና ወረቀት ወርዶ እርሻ ላይ ይቆማል።

አፈርን በተጣራ ውሃ በጥብጦ በፒኤች ወረቀት ማየት ለመጀመሪያ ግምት ይበቃል። ለአንድ ሄክታር ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚያስፈልግ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ያ በአፈር ላብራቶሪ የሚለካ የአሲዳማነት መጠን ነው።

በትምህርት ቤት ያለው ችግርና መፍትሔው

በብዙ የገጠር ትምህርት ቤቶች እነዚህ ሙከራዎች በሰሌዳ ላይ ይሠራሉ እንጂ በእጅ አይሠሩም። የሚሰጠው ምክንያት የኬሚካል ውድነት ነው። ለዚህ መልስ ካገኙት አንዱ የደቡብ አፍሪካው ጆን ብራድሊ ናቸው። በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት አነስተኛ መጠን የኬሚስትሪ ሙከራ ዘዴ በዩኔስኮ ድጋፍ ለብዙ አገሮች ደርሷል። በእኛም በኩል የኬሚስትሪ ትምህርት ተመራማሪው ተመቸኝ እንግዳ በዋና አዘጋጅነት የሚመሩት የአፍሪካ የኬሚስትሪ ትምህርት መጽሔት ስለዚህ ዓይነት ሥራ ሰፊ ውይይት አስተናግዷል።

ስሌቱን ራሳችን እንየው። አንድ ግራም ሲልቨር ናይትሬት በ59 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲሟሟ 0.1 ሞላር ሙሙት ይሰጣል። በቱቦ ለአንድ ሙከራ 2 ሚሊ ሊትር ከፈሰሰ ሙከራው 29 ጊዜ ይሠራል። ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ከሆነና በላስቲክ ወረቀት ላይ ለአንድ ሙከራ ሁለት ጠብታ ከበቃ፣ ያው አንድ ግራም ወደ 590 ሙከራ ይደርሳል። ለአንድ ክፍል የማይበቃ የነበረው ለትምህርት ቤቱ ሁሉ ይተርፋል። ከላስቲኩ ሥር ጥቁር ወረቀት ሲዘረጋ ነጩ ዝቃጭ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጠብታ ማነሱ ደኅንነትንም ይጠቅማል። ባሪየም መርዝ ነው። ከሙከራ በኋላ የቀረው ሶዲየም ሰልፌት ወይም ማግኒዚየም ሰልፌት ቢጨመርበት የማይሟሟ ባሪየም ሰልፌት ሆኖ ይወርዳል፤ ዝቃጩም ተለይቶ ይከማቻል። የሲልቨር ቅሪትም ወደ ጅረት መፍሰስ የለበትም፤ በጠርሙስ ይከማች። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ያጠፋልና የዓይን መከለያ ሳይደረግ አይነካ።

አዲስ ሙከራ ሲሠራ ሦስት ጠብታዎች ጎን ለጎን መቀመጥ አለባቸው፦ የሚፈተሸው ውሃ፣ አዮኑ መኖሩ የታወቀ ሙሙት፣ የተጣራ ውሃ። የታወቀው ሙሙት ካልደፈረሰ ኬሚካሉ አርጅቷል። የተጣራው ውሃ ከደፈረሰ ዕቃው ቆሽሿል። ያለ እነዚህ ሁለቱ የሚፈተሸው ውሃ መልስ ምስክር የሌለው ነው። ተማሪው ያየውን በመጀመሪያ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ ለጓደኛው ይንገር፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ያላየውን ከመጽሐፍ ከመቅዳት ይህ ያድነዋል።

ፍርዱ

ዳሰሳው ሲጠቃለል ሙከራዎቹ በሦስት ይከፈላሉ። ካርቦኔት፣ ሰልፌት፣ ክሎራይድ፣ መዳብ፣ ብረትና የውሃ ጠጣርነት በማንኛውም ትምህርት ቤት በጠብታ ሊፈተሹ ይችላሉ፤ ሊፈተሹም ይገባል። የጨው አዮዲን በጠብታ ይመረመራል፤ መጠኑ ግን በላብራቶሪ ይረጋገጣል። ፍሎራይድ፣ ናይትሬትና የአፈር አሲዳማነት መጠን ደግሞ ከትምህርት ቤት በላይ ናቸው። የትምህርት ቤቱ ሥራ እነዚህ መመርመር እንዳለባቸው አውቆ ናሙናውን በንጹሕ ጠርሙስ፣ ቀንና ቦታ ጽፎ ማስተላለፍ ነው።

ለዚህ የሚሆን ተቋም ሩቅ አይደለም። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሆሳዕና ላይ ነው፤ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከ2023 ጀምሮ ሲደራጅም ሆሳዕና ዋና መቀመጫው ሆናለች። ከሆመቾ ምንጭ፣ ከሻሾጎና ከሀላባ ጉድጓድ የተቀዱ ናሙናዎችን በየዓመቱ ከትምህርት ቤቶች ተቀብሎ ፍሎራይዳቸውንና ናይትሬታቸውን የሚለካ፣ ውጤቱንም ለመንደሩ የሚመልስ ሥርዓት ቢቋቋም ተማሪው የተማረው ሙከራ ለወገኑ ይደርሳል፤ ዩኒቨርሲቲውም የአካባቢውን ውሃ ካርታ ያገኛል።

የኬሚስትሪ መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር የሲልቨር ናይትሬትን ሠንጠረዥ ስታስተምሩ ፍሎራይድን በአራተኛ ረድፍ ጻፉት፤ አጠገቡም “በዚህ ሙከራ አይታይም፣ በላብራቶሪ ይመርመር” በሉ። ከስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ለሚያድግ ልጅ ይህች አንዲት ረድፍ ከጠቅላላው ሠንጠረዥ ትበልጣለች።